በማን ሰዓት?

ሲኞር ቤርቶሊ አማርኛ እችላለሁ ባይ ነበር። «ውሃ»፣ «ቶሎ»፣ «ሰነፍ» የሚሉትን፣ ጥቂት ሌሎች ቃላትንና ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ቁጥር ያውቃል። በዚህችው ስንቅ አምስት ዓመት ሙሉ የኮልፌን ሰው ሲያዝዝበትና ሲቆጣበት ኖሯል። ሰውዬው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው። ከቀራኒዮ በታች ያለውን መስክ አጥሮ፣ የቆርቆሮ መጋዘን ሠርቶ፣ ለእሱ ብቻ የምትበር አንዲት ነጭ አይሮፕላን አቁሞበታል። እሷን የሚያጥብለት አሽከር ዱባለ ይባላል።

የዱባለ ስም ግን ዱባለ አይደለም። ቀለመወርቅ ነው፤ ሙያውም ማጠብ ሳይሆን ማብረር ነው። ከወረራው በፊት የነጋድራስ ገብረአምላክ የግል አብራሪ ነበር። ነጋድራስ ከጅማ አዲስ አበባ በበቅሎ መመላለስ የሰለቻቸው የቡና ነጋዴ ነበሩና፣ ከባሕር ማዶ አይሮፕላን አስመጥተው ቀለመወርቅን ቀጠሩበት። ጠላት ከተማ ሊገባ ሲል፣ «ከእጃቸው እንዳትገባ አቃጥላት» ብለው ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። ቀለመወርቅ ክብሪቱን ጭሮ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ እያለቀሰ አቃጠላት። በዓመቱ፣ በየካቲት፣ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲፈጅ ታናሽ ወንድሙ ተገደለ፤ ጥፋቱ ኪሱ ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ደብዳቤ መገኘቱ ነበር። ያን ዕለት ቀለመወርቅ የአብራሪነት ፈቃዱን ምድጃ ውስጥ ጨምሮ፣ ስሙን ለውጦ ኮልፌ ገባ።

ኮልፌ ከገባ በኋላ ያገባት ሚስቱ ሸዋገነት እንኳ ይህን አታውቅም። ድርቆሽ ነጋዴ ናት። ከመስኩ የሚታጨደውን ሣር ትገዛና እዚያው ከምራ፣ በየጠዋቱ በአህያዋ ልደታ ድረስ ወስዳ ለባለጋሪና ለባለበቅሎ ትሸጣለች። ምላሷ ደግሞ ማንንም አይምርም። «የሰው አይሮፕላን ስታሻሽ ከምትውል አንዳንዴ የራስህን እግር ብትታጠብ ምናለ!» ትለዋለች። ቀለመወርቅ ይስቃል። ሚስቱ የምታውቀው ግን ዱባለን ነው፣ እሱ ደግሞ ለዱባለ የሚሆን ቅንጣት ፍቅር የለውም።

እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሀብተሥላሴ ነው። ሁለቱ አብረው ነው ማብረር የተማሩት። ሀብተሥላሴ ያን ጊዜ የፖስታ መስመር አብራሪ ነበር፤ ማክሰኞ ድሬዳዋ ይሄዳል፣ ሐሙስ ይመለሳል። አሁን ልደታ ሜዳ ላይ ለጣሊያኖቹ የመንገደኛ መስመር ሻንጣ ይሸከማል። እንግዲህ ሁለት አብራሪ፣ አንዱ አጣቢ፣ አንዱ ተሸካሚ ሆነው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመስኩ ዳር ጽድ ሥር ይቀመጡና ማን የተሻለ አብራሪ እንደነበረ ይጣላሉ።

«የጌታ አብራሪ ማለት ክንፍ ያበቀለ የእልፍኝ አሽከር ነው» ይጀምራል ሀብተሥላሴ። «ጌታህ ምሳቸውን እስኪጨርሱ ክንፍ ሥር ተጎልተህ ትጠብቃለህ። እንቅልፍ ከጣላቸው አንተም እዚያው ትውላለህ። እኔ ማክሰኞ በአንድ ሰዓት እነሳለሁ ካልኩ፣ ደጃዝማችም ቢሆን አምስት ደቂቃ ካረፈደ አቧራዬን ነው የሚያገኘው!»

«አንተማ አውድማ ላይ የምትዞር በሬ ነህ» ይላል ቀለመወርቅ። «ያው ሜዳ፣ ያው ተራራ፣ ያው ድሬዳዋ። የጫንከውን ሰው ፊቱን እንኳ አታውቀውም። እኔ የነጋድራስን ሳል ሰምቼ ነፋሱ እንዳስፈራቸው አውቅ ነበር። ከብት በሚግጥበት መስክ፣ የገብስ ማሳ ላይ አሳርፌያቸዋለሁ። አንተ ሜዳው በኖራ ካልተሰመረልህ ማረፍ ትችላለህ?»

«ገብስ ማሳ ላይ ለምን አርፋለሁ? ሰው ነኝ ቆቅ?»

ይስቃሉ። ከዚያ ሀብተሥላሴ የማይቀረውን ነገር ያነሳል። «የአንተ ሥራ ክፋቱ፣ ጌታው የወደቁ ቀን አንተም ትወድቃለህ። መስመር ግን ማንም ቢሞት መስመር ነው።»

«እስቲ መስመርህ የታለ?» ይለዋል ቀለመወርቅ። ከዚያ ተነስተው በየቤታቸው ይሄዳሉ።

በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ዋናው ልዩነት ግን ሰዓት ነበር። ሀብተሥላሴ ከፖስታ ሥራው የቀረች የኪስ ሰዓት አለችው፤ መስተዋቷ ተሰንጥቋል፣ ልቧ ግን አልሳተም። ሻንጣ የሚሸከመው በጣሊያኖቹ ሰዓት ስለሆነ በእነሱ አቆጣጠር ሞልቷታል፤ ዐይቷት ስድስት ይቀንስና ለሰው በአገሩ ሰዓት ይናገራል። ቀለመወርቅ ሰዓት ይዞ አያውቅም። በነጋድራስ ቤት ሰዓቱ የነጋድራስ ጉሮሮ ነበር፤ እሳቸው «እንሂድ» ሲሉ ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። በሲኞር ቤርቶሊ ቤት ደግሞ ያለው ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ «ሱቢቶ!» ይባላል። አሁኑኑ ማለት ነው።

መጋቢት ፲፱፻፴፫ ሲጋመስ ጣሊያኖቹ ይርበተበቱ ጀመር። እንግሊዝ ከምሥራቅ እየገፋ ነው፣ አርበኛው በየአቅጣጫው ከተማውን ቀለበት አድርጎታል። የሲኞር ቤርቶሊ አብራሪ ለጦር ሠራዊት ተጠርቶ ከሄደ ወር ሆኖታል፤ የቀረችው ነጭ አይሮፕላንና አጣቢዋ ብቻ ናቸው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሲኞሩ በካሚዮን መጥቶ አራት ቆርቆሮ የአይሮፕላን ቤንዚን አስወረደ። ቀለመወርቅ በሆዱ «አብራሪ ሊመጣ ነው» አለ።

አልነበረም። ሲኞሩ ጣቱን ወደ አይሮፕላኗ ቀስሮ፣ ቃል በቃል እየለየ በአማርኛ ተናገረ። «ዱባለ! ነገ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወታደር ይመጣል። ቤንዚን... እሳት! እንግሊዝ ምንም አያገኝም። አንተ ቆርቆሮ ጠብቅ፣ ሰነፍ!» በእጁ የእሳት ነበልባል አሳይቶት ሄደ።

ቀለመወርቅ ውሃ የያዘ ባልዲ በእጁ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ። ከአምስት ዓመት በፊት የጫራት ክብሪት ሽታ አፍንጫው ውስጥ መጣ። የነጋድራስን አይሮፕላን ባቃጠለ ጊዜ ከራሱ የቀረው ይኼ ባልዲ ያዥ ሰው ነው፤ ይቺም ከተቃጠለች አብራሪ ነበርኩ ብሎ የሚያሳየው አንድ ምልክት በምድር ላይ አይኖረውም። «ሁለተኛ አላቃጥልም!» አለ ጮክ ብሎ፤ የሰማው ባልዲው ብቻ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አስነስቶ፣ በአምቦ መንገድ አቅጣጫ ወልመራ ላይ የሰፈረው የፊታውራሪ ደበላ ጦር ዘንድ ማድረስ። ሞተሩን ለማስነሳት ፕሮፔለሩን ከውጭ በእጁ የሚያሽከረክርለት ሙያተኛ ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ማለዳ ሸዋገነት አህያዋን ስትጭን ጠጋ አላት።

«ልደታ ሀብተሥላሴ የሚባለውን ተሸካሚ ታውቂው የለ? ‹ነጯን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሊያቃጥሏት ነው ብሎኛል ሲኞሩ፤ አምስት ሰዓት ላይ ድረስልኝ› በይልኝ።»

«አይሮፕላኗን?»

«አዎ።»

«ታዲያ ተሸካሚ ምን ሊያደርግላት ነው? ሊሸከማት?» አለችና አህያዋን ነድታ ሄደች።

ቀለመወርቅ ቀኑ ሙሉ የእሱ ስለመሰለው ተዝናና። ሞተሩን ከፍቶ እያንዳንዷን ሽቦ እየነካካ ጠራረገ፤ ዘይቱን አየ፤ መሪውን ግራና ቀኝ አወዛውዞ ጅራቷ ስትታዘዝ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ቤንዚኑን መቅዳት ይቅርና ማጣሪያ እንኳ ገና አልፈለገም። ደግሞም እያፏጨ ነበር። እንዲህ ሲያፏጭ ነው ከአጥሩ ማዶ የእግር ኮቴና የሰው ጩኸት የሰማው።

ሀብተሥላሴ ነው። የተሸካሚ ቆቡ የለም፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ከኋላው ሸዋገነት ቀሚሷን ሰብስባ ትሮጣለች፤ ከእሷ ኋላ አህያዋ ድርቆሿን እያንጠባጠበች ትመጣለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ያለህ ማን ነው?» አለ ሀብተሥላሴ ገና በሩ ላይ።

«ሲኞሩ ነዋ። ምነው?»

«በምን ቋንቋ?»

«በአማርኛ!»

«አንተ ጅል! ቃሉ ነው እንጂ አማርኛ፣ ሰዓቱ የራሱ ነው! የእነሱ ዘጠኝ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው፣ የጠዋቱ ሦስት!» የኪስ ሰዓቷን አውጥቶ አፍንጫው ሥር ደቀነለት። «ስምንት ከአርባ ትላለች። በእኛ ሁለት ከአርባ። ሃያ ደቂቃ ነው ያለህ!»

ቀለመወርቅ መጥረጊያውን ጣለ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ ቤት ሱቢቶ እንጂ ሰዓት የለም!»

«ይኸው! የጌታ አብራሪ!» አለ ሀብተሥላሴ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አልማረውም።

ሸዋገነት አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። «አብራሪ ማነው? ዱባለ፣ ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?»

አሥር ዓመት የሚያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ነበረበት፤ ተናገረ። «ዱባለ አይደለሁም። ቀለመወርቅ ነኝ። አይሮፕላን ነጂ ነበርኩ። ወንድሜን ስለገደሉብኝ ስሜን ደበቅኩ። አሁን ይቺን ይዤ ልጠፋ ነው። ነይ አብረን እንሂድ፣ እዚህ ካገኙሽ ይገድሉሻል።»

ሸዋገነት አፏን ይዛ ቆመች። ያለቀሰች መስሎት ነበር፤ አላለቀሰችም። «እግርህን ታጠብ እያልኩ...» አለችና ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ፊቷ ኮስተር አለ። «ለዚህ ነገር በኋላ እንጣላለን። አሁን ምን ልያዝ?»

«ነጠላሽን።»

አዲስ ነጠላ ነው፤ ለትንሣኤ የገዛችው። ቀለመወርቅ አራት አጥፎ የቤንዚን ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ዘረጋው፤ ሀብተሥላሴ ቆርቆሮውን እያነሳ ይገለብጣል፣ ዝገቱና አሸዋው ነጠላው ላይ ይቀራል። አይሮፕላኗን ለማቃጠል የመጣው ቤንዚን ሆዷ ውስጥ ገባ። ሸዋገነት ቡናማ የሆነ ነጠላዋን ዐይታ «ይሄም ይጻፍልኝ» አለች።

ሦስቱም ገፍተው ከመጋዘኑ አወጧት። ቀለመወርቅ ከመሪው፣ ሸዋገነት ከኋላው ገቡ። በአምቦ መንገድ ላይ አቧራ ይታያል፤ ካሚዮን ነው።

«ለሦስት አምስት ጉዳይ» አለ ሀብተሥላሴ ፕሮፔለሩን ይዞ። «ሞተር ለአሥር ደቂቃ መሞቅ አለበት። ደንቡ ነው!»

«ደንቡን ልደታ ተወው! አዙር!»

አንዴ አዞረ፤ ምንም የለም። ሁለቴ፤ ሳለችና ዝም አለች። ቀለመወርቅ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጣት። የነጋድራስን ሳል ያውቅ እንደነበረው ሁሉ ይቺም ሳል ምን እንደምትል ገባው፤ አንዲት እጀታ ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ። «አሁን!» ሦስተኛው ላይ ሞተሩ አገሳ፤ ሣሩ ተኛ፤ አህያዋ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ኮልፌ ፈረጠጠች።

«አህያዬ!» አለች ሸዋገነት ከኋላ ወንበር።

«ቤቷን ታውቃለች!»

ሀብተሥላሴ እየሮጠ በሩን ይዞ ሲንጠለጠል ካሚዮኑ የአጥሩ በር ላይ ቆመ። ወታደሮቹ መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ ሊያቃጥሏት የመጡባት አይሮፕላን በራሷ ስትሄድ ዐይተው አፋቸውን ከፈቱ። መተኮስ ሲጀምሩ አይሮፕላኗ መስኩን አጋምሳለች። ሌላ ጣጣ ግን ከፊት ነበር፤ የሸዋገነት ሦስት የድርቆሽ ክምር በመስኩ ጫፍ ተደርድሯል።

«አይበቃንም!» አለ ሀብተሥላሴ። «ሜዳው አጭር ነው፣ አቁም!»

«ይበቃል!»

«ክምሬ!» አለች ሸዋገነት።

ቀለመወርቅ እጁ ዱባለን ረሳው። አራት ዓመት ባልዲ የተሸከመ እጅ መሪውን ሳበ። ጎማዎቹ የመካከለኛውን ክምር አናት ገምሰው፣ ድርቆሹን አንጠልጥለው ወደ ላይ ወጡ። ኮልፌ ከሥር ተዘረጋች፤ ሣር ክዳኑ፣ ባሕር ዛፉ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀና ሰው። ቀለመወርቅ ጮኸ፤ ቃል አልነበረውም፣ ዝም ብሎ ጮኸ። ደስታው ለአንድ ሰው ደረት የሚበቃ አልነበረም።

ሀብተሥላሴ ሰዓቷን አየ። «ለሦስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ» አለ በኩራት። «በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓትህ ቀድመህ ተነሳህ።»

የአምቦን መንገድ እየተከተሉ ወልመራ ሲደርሱ ሌላው ችግር ጠበቃቸው፤ በጥድፊያው ማንም አላሰበውም። አርበኛው ለአምስት ዓመት ከሰማይ ያየው ቦምብና የመርዝ ጭስ ነው። አይሮፕላን ሲያይ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው። ገና ከጫካው ጫፍ ጀምሮ ጠመንጃው ተንጣጣ። አንድ ጥይት የግራ ክንፏን በስቶ ወጣ።

«ተመለስ!» አለ ሀብተሥላሴ።

«ወዴት?»

እውነቱን ነው፤ መመለሻ የላቸውም። ክንፏን ግራ ቀኝ ቢያወዛውዝ የታችኛው ሰው ምን ያውቃል? ጽሑፍ ቢወረውሩ ማን ያነባል? ቀለመወርቅ ትንሽ አሰበና፣ የመስመር አብራሪ በሕልሙም የማያደርገውን አደረገ። ሞተሩን አጠፋ።

ዝምታ ሆነ። የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው። አይሮፕላኗ እንደ ጭልፊት ክንፏን ዘርግታ ያለ ድምፅ ቁልቁል ትንሳፈፋለች። «መስኮቱን ክፈቱና ጩኹ!» አለ።

«ወገን ነን! አትተኩሱ!» ብሎ ሀብተሥላሴ ጮኸ። የወንድ ድምፅ በነፋሱ ተበተነ፤ ከታች ጥይቱ ቀጠለ።

ያን ጊዜ ሸዋገነት ራሷን በመስኮቱ አወጣች። ነጠላ የላትም፣ ጸጉሯ በነፋስ ተበትኗል። እጇን ከከንፈሯ በላይ ጋረድ አድርጋ እልል አለች። «እልልልልልል!» አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሠርገኛ እንደገባላት እናት ትንፋሿ እስኪያልቅ፣ እንደገና ሞልታ፣ እንደገና እልል አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ሜዳውን ሁሉ አዳረሰው።

ተኩሱ ሳሳ። ከዚያም ቆመ። የጠላት አይሮፕላን እልል ብሎ አያውቅማ! ትንሽ ቆይቶ ከሥር፣ ከሰፈሩ፣ አንዲት ሴት መለሰች፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ ሜዳው ሙሉ እልልታ ሆነ።

ቀለመወርቅ የተሰበሰበ የገብስ ማሳ አየ። ሦስት ላሞች ቆመውበታል።

«ኖራ የለውም!» አለ ሀብተሥላሴ ዐይኑን ጨፍኖ።

«ቆቅ ሁና!»

ላሞቹ ተበተኑ፣ አይሮፕላኗ ሁለት ጊዜ ነጠር ነጠር ብላ ማሳው ዳር ቆመች። ሲወርዱ ሀብተሥላሴ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ለገብስ ማሳ ክፉ አይደለም» አለ። ቀለመወርቅም አቅፎት «አንተ ባትኖር ሦስት ሰዓት ላይ ማፏጨት ላይ ነበርኩ» አለው። እንግዲህ የአምስት ዓመት ክርክር በዚህ ተዘጋ፤ ከዚህ በላይ ማንኛቸውም አያምኑም።

ሸዋገነት ከጎማው ላይ የተጠመጠመውን ድርቆሽ እየነቀለች ሳለ ፊታውራሪ ደበላ ጎፈሬያቸው እንደቆመ፣ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ደረሱ። አይሮፕላኗን ዞረው አዩ፣ ክንፏን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«እልል ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች።

«እሱን ባትይ ኖሮ ስለ ነፍስሽ ነበር የሚለቀስ። ነጂው የታለ?»

ቀለመወርቅ ወደ ፊት ወጣ። እጁ የዘይት ነው፣ የለበሰው የአጣቢ ልብስ ነው። «እኔ ነኝ፣ ፊታውራሪ።»

«ስምህ?»

አራት ዓመት ያልጠራው ስም ነው። ከመመለሱ በፊት ከኋላው የሸዋገነት ድምፅ ቀደመው። «ቀለመወርቅ ይባላል» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብትጠራውም ስታገባው የምታውቀው ስም ይመስል። «ባሌ ነው።»

ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀግና ነህ፣ ቀለመወርቅ። የጣሊያን ጦር ከከተማ ይውጣ አይውጣ ሁነኛ ወሬ አጥቻለሁ። ነገ ወደ አዲስ አበባ በርረህ ዐይተህልኝ ትመለሳለህ?»

«እበራለሁ!»

«በስንት ሰዓት?»

ቀለመወርቅ ሀብተሥላሴን አየው። ሀብተሥላሴ የኪስ ሰዓቷን አውጥቶ፣ ደንበኛ የመስመር ሰው ሆኖ ደረቱን ነፋ።

«ነገ በሦስት ሰዓት እንነሳለን፣ ፊታውራሪ።»

«በማን ሰዓት?» አለች ሸዋገነት ወዲያው፤ ከዛሬ ወዲያ ይቺን ነገር ሳትጠይቅ የምታልፋት አይመስልም።

ሀብተሥላሴ ሰዓቷን ወደ ደረቱ አስጠጋት። የተሰነጠቀውን መስተዋት በአውራ ጣቱ ከፍቶ፣ በጣሊያኖቹ ሜዳ ለአምስት ዓመት በእነሱ አቆጣጠር የዞሩትን ዘንጎቿን ይዞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አዞራቸው። ከዚያ ሰዓቷን ለቀለመወርቅ ሰጠው።

«በእኛ» አለ።